በበረንዳ ላይ የውሃ አትክልትና ዓሣ፦ በግማሽ በርሜል ይሆናል?

አራተኛ_ፎቅ

ሰላም ለሁላችሁ። በረንዳዬ 1.2 ሜትር በ3 ሜትር ነው፤ ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣ የኮንክሪት ወለል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ ጥላ ነው። በሞቃቱ ወቅት ቀን እስከ 26 ዲግሪ ይደርሳል፣ በቀዝቃዛው ሌሊት እስከ 11 ይወርዳል። 200 ሊትር የሚይዝ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ አለኝ፤ የአፉ ስፋት 58 ሳ.ሜ.፣ ቁመቱ 42 ሳ.ሜ.። ያሰብኩት አንድ የውሃ ሊሊ፣ ትንሽ ፓፒረስ፣ 10 ጋፒና 2 ጎልድፊሽ (ሁለቱም የጌጥ ዓሣ) ነው።

ጥያቄዎቼ፦ ክብደቱን በረንዳው ይችለዋል? ፓምፕ የግድ ነው? ሁሉንም በአንድ ቀን ገዝቶ ማስገባት ይቻላል? ትንኝስ አይራባበትም?

ውሃ_ልክ

ከክብደቱ እንነሳ፤ ሌላው ስህተት ሁሉ ይታረማል፣ ይሄኛው ግን አይታረምም። በሰጡት ልክ ውሃው 36 ሳ.ሜ. ላይ ሲቆም 95 ሊትር ገደማ ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሆነ 95 ኪሎ። አፈር፣ ጠጠር፣ ጡብና በርሜሉ ራሱ 25 ኪሎ ቢጨምሩ በድምሩ ወደ 120 ኪሎ ይጠጋል። ደህና የኮንክሪት በረንዳ ይህን ይችላል፤ ብዙ የግንባታ ደንቦች የመኖሪያ ቤት በረንዳን በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 400 ኪሎ አድርገው ነው የሚያሰሉት። ነገር ግን ያ ቁጥር በረንዳው ላይ ያለውን ሁሉ ይጨምራል፦ ሌሎቹን የአበባ ማሰሮዎች፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን፣ የሚቆመውን ሰው ጭምር።

ከክብደቱ እኩል የሚያሳስበው ቦታው ነው። ወደ ውጭ የወጣ ወለል የሚይዘው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ሥሩ ብቻ ነው። 120 ኪሎ ከግድግዳው 30 ሳ.ሜ. ርቆ ሲቀመጥና 1 ሜትር ርቆ አጥሩ ሥር ሲቀመጥ ኪሎው ያው ቢሆንም ሥሩ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከ3 እጥፍ በላይ ይለያያል። ስለዚህ ግድግዳው ሥር፣ ከተቻለም ኮለን (ምሰሶ) ባለበት ጥግ ያድርጉት። ወለሉ ከግድግዳው ጋር በሚጋጠምበት መስመር ላይ ስንጥቅ ወይም የዝገት ቀለም ካለ መሐንዲስ ሳያየው ምንም አያስቀምጡ።

በርሜሉ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር ይጠይቁ። የምግብ ዘይት ወይም ጭማቂ ከነበረ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደጋግሞ ተለቅልቆ ይሆናል። ፀረ ተባይ፣ የማሽን ዘይት ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ኬሚካል ከነበረ ግን ፕላስቲኩ ጠጥቶታል፤ ቢያጥቡትም አይለቅም። ሌላ ዕቃ ለሚፈልጉ አንባቢዎች፦ ያልተቀባ ሸክላ ውሃ ያዣል፣ ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮና መዳብ ዓሣ ይመርዛሉ፣ አዲስ የሲሚንቶ ገንዳ ኖራ እየለቀቀ ፒኤቹን (የውሃውን አሲድነትና አልካላይነት መለኪያ) ይሰቅለዋል።

የቆረጡትን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። ከአፉ 5 ሳ.ሜ. ዝቅ ብለው 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱና በውስጥ በኩል የፕላስቲክ ወንፊት ይለጥፉበት። ዝናብ ሲመታ ትርፉ በዚያ ወጥቶ በጎማ ወደ ማፍሰሻ ይሄዳል እንጂ ታች ጎረቤት ልብስ ላይ አይወርድም፣ ዓሣውም አብሮ አይፈስም። ከዚያ ባዶውን ቦታው ላይ አስቀምጠው በውሃ ልክ ይለኩ (ስሜ ስለሆነ አይደለም)፤ 1 ሳ.ሜ. ቢያዘነብል የውሃው ገጽ ዕድሜ ልኩን ያሳብቃል። መፍሰስ አለመፍሰሱን ለማየት ሞልተው 48 ሰዓት ይተዉት። አንዴ አፈርና ዓሣ ከገባበት በኋላ መግፋት የሚባል ነገር የለም።

ሰማያዊ ፕላስቲክ የጠዋት ፀሐይን ይጠጣል። ውጭውን ነጭ መቀባት ወይም በጆንያ ወይም በቀርከሃ መጠቅለል የውሃውን ሙቀት መዋዠቅ ይቀንሳል። ቀለሙ ውስጡን እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ።

ደለል

ወንድሜ፣ «ሁሉንም በአንድ ቀን» የሚለውን እርሳው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ደግሞ የምትለቅመው የሞተ ዓሣ ነው። ቅደም ተከተሉ ውሃ፣ ተክል፣ ጥበቃ፣ ከዚያ ዓሣ ነው።

ውሃ፦ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ብቻ ካለበት አፉ ክፍት ሆኖ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቢቆም ክሎሪኑ ይተናል። ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደ) ከሆነ ግን በመቆየት አይሄድም፤ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ያስፈልጋል። የትኛው እንደሆነ ካላወቅህ ጠብታውን ተጠቀም፣ ርካሽ መድን ነው።

አፈር፦ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለማሰሮ አበባ የሚሸጠው ቀላል አፈር ይንሳፈፋል፣ በውስጡ ያለው ብስባሽም ውሃ ውስጥ በስብሶ አሞኒያ ይለቃል። የምትፈልገው ከባድ፣ ጭቃማ፣ ብስባሽና ፍግ ያልገባበት አፈር ነው። እፍኝ ወስደህ አርጥበህ ስትጨብጠው ቅርጹን ከያዘ ይሆናል። በርሜሉ ግርጌ ላይ አፈር አታነጥፍ፤ እያንዳንዱ ተክል በየራሱ ማሰሮ ይሁን። የታመመውን ለማውጣትም፣ ግርጌውን ለማጽዳትም የሚቻለው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ሊሊው ድንክ ዝርያ መሆን አለበት። ትልቁን ብትገዛ ቅጠሉ በአንድ ወቅት የበርሜሉን አፍ ሞልቶ ይደራረባል። ከድንኮቹ ሄልቮላ የሚባለው ትንሽ ቢጫ አበባ ያለው በሰፊው የሚገኝ ነው። ከ5 እስከ 7 ሊትር የሚይዝ ሰፋ ያለ ማሰሮ ውሰድ። ወፍራሙን ሥር ወደ ጎን አጋድመህ፣ ቡቃያው የሚወጣበት ጫፍ ከአፈሩ በላይ እንዲቀር አድርገህ ትከል። ላዩን 2 ሳ.ሜ. የታጠበ ጠጠር አልብስ፣ ቡቃያውን ግን አትሸፍን፣ ይበሰብሳል። ማሰሮውን መጀመሪያ በባልዲ ውሃ አርሰህ አረፋው ሲያልቅ በጎኑ እያዘነበልክ ቀስ ብለህ አስገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ከቡቃያው በላይ 10 ሳ.ሜ. ውሃ ይበቃል፤ ሥሩ ጡብ ደርድር። ቅጠሎቹ ላይ ሲደርሱ ጡብ እየቀነስክ እስከ 20 ሳ.ሜ. አውርደው።

ፓፒረስ ድንኩ ይሁን፣ እሱም ማሰሮው አፍ ላይ ከ2 እስከ 5 ሳ.ሜ. ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። አራተኛ ፎቅ ላይ ንፋስ አለ፤ ረጅሙ ፓፒረስ እንደ ሸራ ንፋሱን ይዞ ማሰሮውን ይገለብጣል።

ሆርንዎርት የሚባለውን የውሃ ውስጥ ተክል ግን አትርሳ፤ አንተ አልጠቀስከውም እንጂ ከሁሉም የሚሠራው እሱ ነው። ሥር የለውም፣ መትከል አይፈልግም፣ ሦስት እስር ውሃው ውስጥ መጣል ነው። አሞኒያና ናይትሬት በቀጥታ ስለሚመገብ አልጌን ያስርበዋል። ተንሳፋፊ ከፈለግህ የውሃ ሰላጣ የሚባለው ጥቂት ይበቃል። እምቦጭ አበባው ቢያምርህም ተወው፣ በብዙ አገር ክልክል ነው። ሊሊውም ተንሳፋፊውም ተደምሮ ከውሃው ገጽ ግማሹን ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ይሸፍን።

ጥበቃ፦ የዓሣ ሽንትና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መርዝ ናቸው፣ ሦስተኛውን ተክሉ ይበላዋል። ባክቴሪያዎቹ ማሰሮው፣ ጠጠሩና ቅጠሉ ላይ እስኪሰፍሩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፣ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ተክሉን ካስገባህ በኋላ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣልበት፣ እሱ ሲበሰብስ ባክቴሪያውን ይመግባል። በመመርመሪያ ጠብታ ለካ። አሞኒያ ወጥቶ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ናይትራይት ወጥቶ ይወርዳል። ምግብ እየጣልክ ሁለቱም 0 ሆነው አንድ ሳምንት ከቆዩ ዓሣ መግባት ይችላል። ጤናማ አኳሪየም ያለው ሰው ካወቅህ የማጣሪያውን ስፖንጅ በርሜሉ ውስጥ እንዲጨምቅልህ ለምነው። ቆሻሻ ይመስላል፣ ግን የተራበው ባክቴሪያ በሙሉ እዚያ ነው።

ቀይ_ክንፍ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ዓሣው ላይ ልጨምር፣ ምክንያቱም ከዝርዝርዎ ውስጥ አንዱም አይሆንም።

ጎልድፊሽ ሲሸጥ 4 ሳ.ሜ. ስለሆነ ያታልላል። ተራው ዝርያ ከ20 ሳ.ሜ. በላይ የሚያድግ፣ ከ10 ዓመት በላይ የሚኖር ዓሣ ነው። ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያሽናል፣ የማሰሮ አፈር ይቆፍራል፣ ሆርንዎርቱን ይግጣል። ሁለቱ ብቻቸውን 95 ሊትሩን በሳምንት ያበላሹታል።

ጋፒ የሞቀ ውሃ ዓሣ ነው፤ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ። ሌሊት 11 በሚደርስ በረንዳ ላይ ይደነዝዛል፣ ክንፉ ይጣበቃል፣ ይታመማል። ሙቀት ያለው ቦታ የምትኖሩ ጋፒ ካስገባችሁ ወንድ ብቻ ይሁን። ሴቷ በየወሩ ገደማ በደርዘን ትወልዳለች፤ በሦስት ወር ውስጥ በርሜሉ ሳይሆን ሾርባው ነው የሚቀራችሁ።

ለእርስዎ ሙቀት ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ሜዳካ፣ በሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ የሚኖረው። 3 ወይም 4 ሳ.ሜ. ይሆናል፣ ብርዱንም ሙቀቱንም ይችላል፣ የውሃው ገጽ ላይ ስለሚዋኝ ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ በርሜልን ደግሞ የምናየው ከላይ ነው። ሁለተኛው ኋይት ክላውድ ሚኖው፤ ከ14 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል፣ ለአጭር ጊዜ ከዚያ ዝቅ ቢልም ይቋቋማል፣ ከ26 በላይ ሲቆይ ግን ይቸገራል። ሁለቱም የትንኝ እጭ ይበላሉ። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡና በ6 ይጀምሩ። ወር ቆይቶ አሞኒያና ናይትራይት 0 ከሆኑ 2 ወይም 3 ይጨምሩ። ከ9 አይለፉ።

ሲያስገቡ ከረጢቱን እንደታሰረ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያንሳፍፉት። ከዚያ ከፍተው በየ5 ደቂቃው ግማሽ ኩባያ የበርሜል ውሃ ይጨምሩበት፣ ለግማሽ ሰዓት። ዓሣውን በመረብ አንስተው ያስገቡ፣ የከረጢቱን ውሃ ግን አይገልብጡ፤ የመጣበትን በሽታ አብሮ ያመጣል። የመጀመሪያውን ቀን አይመግቡ።

ምግብ በቀን አንዴ፣ በ2 ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል። በሳምንት አንድ ቀን ይዝለሉ። ዓሣ የጠገበ አይመስልም፣ ሲያይዎት ሁሌም ይመጣል፤ አይመኑት። ውሃው ከ12 ዲግሪ በታች ሲሆን ምግቡ ስለማይፈጭ በጣም ይቀንሱ።

አራተኛ_ፎቅ

እጅግ አመሰግናለሁ። ጎልድፊሹንም ጋፒውንም ሰርዣለሁ፣ ሜዳካ ይሆናል። ፓምፑን ግን ማንም አልመለሰልኝም። በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ትንሽ ፏፏቴ አይቻለሁ፣ ሽቦም አይፈልግም።

ውሃ_ልክ

በ6 ሜዳካና በዚያ ሁሉ ተክል ፓምፕ የግድ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ያለ ፓምፕ ይዘልቃል። ፏፏቴው ደግሞ ሊሊውን ይጎዳዋል፤ ሊሊ የሚወደው ጸጥ ያለ ውሃ ነው፣ ቅጠሉ ላይ ዘወትር ከተረጨበት ይበሰብሳል።

ደለል

እዚህ ላይ ከውሃ_ልክ ጋር በከፊል ብቻ ነው የምስማማው። ፏፏቴ አያስፈልግም፣ እስማማለሁ። አየር ግን በሞቃቱ ወቅት ያስፈልጋል፣ ያውም ሌሊት። ተክል በብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሲጨልም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል። ውሃም ሲሞቅ የሚይዘው ያንሳል፦ 10 ዲግሪ ላይ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ገደማ፣ 20 ላይ 9፣ 30 ላይ 7.5። የፀሐይ ፓምፕ ቀን ሳያስፈልግ ይሠራል፣ በጨለማ ሲያስፈልግ ይቆማል። ስለዚህ ትንሽ የአኳሪየም አየር ፓምፕ ከነድንጋዩ (አረፋ ከሚያወጣው ጫፉ ጋር) ጥግ ላይ፣ ከሊሊው ራቅ አድርገህ፣ ማታ ብቻ አብራ።

ፓምፑ ከውሃው ገጽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ዝቅ ካለ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተስቦ ወደ ፓምፑ ይገባል፤ ወይም የማይመልስ ቫልቭ ቱቦው ላይ አድርግ። ገመዱ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረግቦ ይመለስ፣ ጠብታው ሶኬት ውስጥ ሳይሆን ወለል ላይ እንዲወድቅ። መስመሩም ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው። ውሃና ኤሌክትሪክ ባሉበት ይህ ምርጫ አይደለም።

ውሃ_ልክ

የሌሊቱን እቀበላለሁ። እኔ የተቃወምኩት ፏፏቴውን ነው።

አራተኛ_ፎቅ

ተክሎቹ ከገቡ 20 ቀን ሆነ፣ ዓሣ ገና የለም። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ጡቦቹ አይታዩም። አሞኒያ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም፣ ናይትራይት 1፣ ፒኤች ጠዋት 7.4፣ ከሰዓት በኋላ 8.8። የሊሊው ሁለት ቅጠል ብቻ ነው ላይ የደረሰው። ውሃውን ደፍቼ እንደ አዲስ ልሙላው?

ደለል

እንዳትደፋው! አዲስ ውሃ ለአልጌ አዲስ ምግብ ነው፤ የሰፈረውን ባክቴሪያም ግማሽ መንገድ ላይ ትረብሸዋለህ። አረንጓዴ የሆነው ብርሃን በዝቶ ቅጠል ስላነሰ ነው። ሊሊው እስኪዘረጋ ድረስ የገጹን ግማሽ በሰሌን ወይም በጣውላ ሸፍን፣ የሆርንዎርት አንድ እስር ጨምር፣ የምትጥለውን ምግብ አሳንሰህ ጣል። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ በራሱ ይጠራል። እንደ ክር የሚጎተት አልጌ ከመጣ በሻካራ እንጨት እየጠቀለልክ አውጣ። አልጌ ማጥፊያ መድኃኒት ግን አትጨምር፤ አልጌው ባንዴ ሲሞት ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ብዙዎቹም መዳብ አለባቸው።

ቀይ_ክንፍ

ከአረንጓዴነቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ያ 8.8 ነው። አልጌውና ተክሉ ፀሐይ ሲያገኙ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከውሃው ይመጥጡታል፣ ፒኤቹም ይወጣል፤ ሌሊት ተመልሶ ይወርዳል። አሞኒያ ደግሞ ሁሉም እኩል መርዝ አይደለም። በ25 ዲግሪ ፒኤቹ 7 ሲሆን ከጠቅላላው 1 ከመቶ እንኳ የማይሞላው ነው ጎጂው ዓይነት። 8 ላይ 5 ከመቶ፣ 9 ላይ ከሲሶ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ለክተው «ትንሽ ናት» ያሉት 0.5 ከሰዓት በኋላ ዓሣ ልትገድል ትችላለች። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ይለኩ።

ዓሣ ከገባ በኋላም ችግሩን በሰዓቱ መለየት ይቻላል። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ገጹ ላይ ተሰልፈው አፋቸውን ከፈቱ ኦክስጅን አልቋል፤ ወዲያው አየር ያብሩ ወይም በኩባያ ከከፍታ ውሃ እየቀዱ ያፍስሱ፣ ተንሳፋፊውንም ያሳሱ። ከሰዓት በኋላ ከሆነና ብርሃኑ ደህና ሆኖ ስንጥባቸው ከቀላ፣ ከተወራጩ ወይም ግርጌ ከተኙ አሞኒያ ነው፤ ሩቡን ውሃ ክሎሪኑ በጠፋ፣ ሙቀቱ በተቀራረበ ውሃ ይቀይሩና ለሁለት ቀን አይመግቡ። ሁለቱን አምታትቶ ለአሞኒያ አየር ብቻ መስጠት ዓሣውን አያድነውም።

አራተኛ_ፎቅ

ገባኝ፣ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ግን ዓሣ ስለሌለ ትንኙ ጀምሯል። ደግሞስ በየቀኑ ውሃው የሚጎድለውን እንዲሁ መሙላት ይበቃል?

ውሃ_ልክ

ትንኝ ከእንቁላል እስከ መብረር በሞቃት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጅበታል። እስከዚያ ቢቲአይ የሚባለውን ባክቴሪያ ያለበትን ክኒን በመመሪያው ልክ ይጣሉ፤ የትንኝ እጭ ይገድላል፣ ዓሣና ተክል አይነካም። ዓሣው ከገባ በኋላ በርሜሉ ውስጥ አያስፈልግም፣ የአበባ ማሰሮ ሥር ያሉትን ሳህኖች ግን ይድፉ፤ ብዙ ጊዜ በበርሜሉ የሚታማው ትንኝ ከዚያ ነው የሚነሳው። የሚረጭ ፀረ ትንኝ በረንዳው ላይም መስኮቱ አጠገብም አይንፉ። ጎረቤት የሚረጭ ከሆነ በርሜሉን በላስቲክ ይሸፍኑ፣ የአየር ፓምፑንም ያጥፉ፣ ጭሱን ስቦ ውሃው ውስጥ ስለሚያስገባው። ብዙዎቹ መርጫዎች በጣም ጥቂቱ እንኳ ዓሣ ይገድላል።

ስለ መሙላቱ፦ ከዚህ ስፋት በቀን ግማሽ ሳ.ሜ. ቢተን 1 ሊትር ከሩብ ገደማ ነው። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፣ ጨውና ናይትሬቱ ይቀራል፤ እየሞሉ ብቻ ከኖሩ ይጠራቀማል። በሳምንት አንዴ ከ10 እስከ 15 ሊትር ከግርጌው በቀጭን ጎማ ስበው ያውጡና በሌላ ይተኩ። የወጣውን ለማሰሮ አበባዎችዎ ያጠጡ፣ ለነሱ ማዳበሪያ ነው። ወንዝ ወይም ሐይቅ ወይም ቦይ ውስጥ ግን አይድፉት፤ ትርፍ ሆርንዎርትና የውሃ ሰላጣም ፀሐይ ላይ ደርቆ ነው የሚጣለው።

ደለል

ለሊሊው ማዳበሪያ መስጠት ያለብህ ማበብ ሲጀምር ነው። በወር አንዴ ለውሃ ተክል የሚሸጠውን እንክብል ከቡቃያው ራቅ አድርገህ አፈሩ ውስጥ በጣትህ 5 ሳ.ሜ. ቅበረው። ላዩን ከተውከው ይሟሟና አረንጓዴው ውሃ ተመልሶ ይመጣል። የቢጫ ቅጠሉን ግንድ ከሥሩ ቁረጥ፣ ከላይ ብቻ አትንጨው።

አራተኛ_ፎቅ

ዛሬ 47ኛው ቀን ነው። አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት 10፣ ፒኤች ከሰዓት በኋላ 7.9። ጡቦቹ ይታያሉ።

ቀይ_ክንፍ

እንግዲያው 6 ሜዳካ። ሲገዙ ክንፋቸው የተዘረጋ፣ ሆዳቸው ያልጎደጎደ፣ ጣት ሲያሳዩዋቸው ቶሎ የሚሸሹትን ይምረጡ። የሞተ ዓሣ ካለበት ገንዳ ውስጥ አንድም አይውሰዱ።